ርካሽ ሰንሰለት ወይስ የሚበረክት ሰንሰለት?
ስለ ሞተር መጋዝ ሰንሰለት አመራረጥና አያያዝ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

ከሞጆ ተነስቶ በዓለም ጤና፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ ዛፍ የሚቆርጠው ለልዩ ልዩ ጉዳይ ነው። በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ሲደርስ ለአጠናና ለቋሚ ወደ አዳማና ወደ ሞጆ ይሸጣል። በማሳው መካከል ካለው ግራር ለአጥርና ለማገዶ የሚሆነውን ቅርንጫፍ ይመለምላል። ነፋስ የጣለውንም ግንድ ይቆራርጣል። ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ሲሠራ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን የሞተር መጋዝ በማኅበራትም በግለሰቦችም እጅ እየገባ ነው።

የሞተር መጋዝ ሲገዛ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ዋጋው ነው። ስለ ሰንሰለቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እንጨቱን የሚቆርጠው ሞተሩ ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው። መጋዙ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሰንሰለቱ ግን መጋዙ እስከሚያረጅ ድረስ ደጋግሞ ይገዛል። ሰንሰለት ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑም፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ወጪ ለማኅበራት ከቀድሞው የበለጠ ከባድ ሆኗል።

በዚህ ምክንያት የማኅበራት የግዢ ኮሚቴዎች ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን ሰንሰለት ይመርጣሉ። አንዳንዶች ደግሞ «ውድ ዕቃ ይበረክታል» ብለው ዋጋው ከፍ ያለውን ይገዛሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ነገሩን የሚያዩት ከአንድ ጎኑ ብቻ ነው። የሰንሰለት ዕድሜ የሚወሰነው በሱቅ ውስጥ በሚከፈለው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን የሚወሰነው በሞረድ፣ በዘይትና ከአሸዋ በመጠበቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን በዝርዝር ማስረዳትና ማኅበራት ሊወስዱት ይገባል የምለውን እርምጃ ማቅረብ ነው።

1. ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚቆርጥ

ዛሬ በዓለም ሁሉ የምንጠቀምበት ሰንሰለት ሐሳቡ የተገኘው ከአንድ ትል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በአሜሪካ አገር በኦሬገን ክፍለ ሀገር ጆሴፍ ኮክስ የተባለ ግንድ ቆራጭ፣ በግንድ ውስጥ የሚኖር የጥንዚዛ እጭ እንጨቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀ ሲበላ ተመለከተ። ከዚያ በፊት የነበረው ሰንሰለት ጥርሱ እንደ እጅ መጋዝ የሚቧጭር በመሆኑ ቶሎ ቶሎ መሞረድ ይፈልግ ነበር። ኮክስ የትሉን አሠራር ተከትሎ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የሚልግ ሰንሰለት ሠርቶ በ1947 ለገበያ አቀረበ። የዛሬዎቹ ሰንሰለቶችም በዚሁ መሠረት የተሠሩ ናቸው።

የሰንሰለቱ ዋና ዋና ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ቆራጭ ጥርስ። ከኋላው ከፍ ያለው ክፍል እንጨቱን እንደ መላጊያ ይልጋል። የላይኛው ገጽ በጣም ስስ በሆነ ክሮም የተለበጠ ነው። ስለት የምንለው ይህ ክሮም የሚያልቅበት ጠርዝ ነው።

ለ. ጥልቀት ጠባቂ። ከቆራጩ ጥርስ ፊት ለፊት ያለው ጉብታ ነው። ጥርሱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንጨት እንደሚያነሣ የሚወስነው እርሱ ነው። በብዙዎቹ ሰንሰለቶች ይህ ጉብታ ከስለቱ የሚያንሰው በ0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ስድስት ወይም ሰባት ቅጠል ወረቀት ተደርቦ የሚኖረው ውፍረት ያህል ማለት ነው።

ሐ. የታች እግር። ባር በሚባለው ረጅም ብረት ቦይ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ፣ በሞተሩ በኩል ደግሞ ጥርሳሙ ማዞሪያ የሚይዘው ክፍል ነው።

እነዚህ ሁሉ በሪቬት የተያያዙ ሲሆን፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። ይህ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ብረት ዘይት ሲያጣ ወይም አሸዋ ሲነካ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

2. የአካባቢያችን ዋና ችግር አሸዋ ነው

የስምጥ ሸለቆ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ የተገኘ አሸዋማ አፈር የበዛበት ነው። በበጋ ነፋስ ሲነሣ ይህ አቧራ በዛፉ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ይሞላል። ምስጥም በግንዱ ላይ የአፈር መንገድ ይሠራል። ግራር በባሕርዩ ጠንካራ እንጨት ነው፤ የደረቀ ባሕር ዛፍም ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ አቧራው ሲጨመር ማለዳ የተሞረደ ሰንሰለት ከረፋዱ በፊት ሊደንዝ ይችላል።

ስለዚህ ሰንሰለት ለማቆየት የመጀመሪያው ሥራ ዛፉን ማጽዳት ነው። መጋዙ በሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ማንሣት ወይም በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መሬት ላይ የተኛ ግንድ ሲቆራረጥ ከሥሩ ድጋፍ እንጨት መደረግ አለበት። ድጋፍ ማድረግ ካልተቻለ ግንዱን እስከ መጨረሻው ሳይቆርጡ ሦስት ጣት ያህል ሲቀር ማቆም፣ ግንዱን ማገላበጥና ቀሪውን ከላይ መጨረስ ይገባል። ሰንሰለቱ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ለአንድ አፍታ እንኳ አፈር ቢነካ ስለቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ደህና ስለት እስኪገኝ ድረስ ከእያንዳንዱ ጥርስ ብዙ ብረት በሞረድ መነሣት ይኖርበታል። ይህም ማለት የብዙ ቀን የሰንሰለት ዕድሜ በአንድ ቅጽበት ጠፋ ማለት ነው።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው የአጥር ዛፍ ነው። ለዓመታት የሽቦ አጥር የታሰረበት ዛፍ ሽቦውንና ሚስማሩን በውስጡ ይውጣል፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ባለቤቱን መጠየቅና ግንዱን መመርመር ተገቢ ነው። ሁለተኛው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። ይህ አረም ዛፍ ከአፋር አልፎ በፈንታሌ በኩል ወደ ምሥራቅ ሸዋ ገብቷል። ከመሬት በላይ ብቻ ከተቆረጠ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ጉቶው ከአፈር በታች ገባ ብሎ መነቀል አለበት። ይህንን የአፈር ውስጥ ሥራ በሞተር መጋዝ የሚሞክሩ አሉ። ትክክል አይደለም። ከመሬት በላይ ያለውን በመጋዝ፣ ከመሬት በታች ያለውን በዶማና በመጥረቢያ መሥራት ይሻላል።

3. ሲገዛ ምን ይታይ?

ለማኅበራት ግዢ ኮሚቴ የሚከተሉትን ነጥቦች አሳስባለሁ።

ሀ. ልክ። «ለ45 ሳንቲ ሜትር ባር የሚሆን ሰንሰለት» ብሎ ማዘዝ በቂ አይደለም። በዚያው ርዝመት ባር ላይ እንደ ሠሪው የታች እግሮቹ ብዛት 66፣ 68 ወይም 72 ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ እነርሱም የሰንሰለቱ እርምጃ፣ የታች እግሩ ውፍረትና የታች እግሮቹ ቁጥር ናቸው። ብዙውን ጊዜ ሦስቱም በባሩ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። ጽሑፉ ከጠፋ እርምጃውን በካሊፐር ማወቅ ይቻላል። ተከታትለው ባሉ ሦስት ሪቬቶች መካከል ያለው ርቀት፣ ከመጀመሪያው መካከል እስከ ሦስተኛው መካከል ሲለካ፣ 16.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ሰንሰለቱ ባለ 0.325 ኢንች ነው፤ 18.6 ገደማ ከሆነ ባለ 3/8 ኢንች ነው፤ 20.5 ገደማ ከሆነ ባለ 0.404 ኢንች ነው። የታች እግሩ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 1.1፣ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። 1.3 የሆነው በ1.6 ቦይ ውስጥ ቢገባ ይወላገዳል፤ 1.6 የሆነው ደግሞ በ1.3 ቦይ ጨርሶ አይገባም። በ3/8 ኢንች ውስጥ ደግሞ ለትናንሽ መጋዞች የሚሠራ ቁመቱ ዝቅ ያለ ዓይነት ስላለ ከትልቁ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለ. የጥርሱ ቅርጽ። የጥርሱ ጥግ እንደ መሮ ሹል የሆነ ሰንሰለት ንጹሕና ለስላሳ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፤ አቧራ ሲያገኘው ግን ያ ሹል ጥግ ወዲያው ይሄዳል። ጥጉ በመጠኑ ክብ የሆነው ዓይነት ፍጥነቱ ጥቂት ቢያንስም ስለቱን ይበልጥ ያቆያል፤ ለመሞረድም ይቀላል። ለዓለም ጤናና ለአካባቢው የሚስማማው ይህ ጥጉ ክብ የሆነው ነው ብዬ አምናለሁ። ጫፉ ላይ እጅግ ጠንካራ ካርባይድ የተበየደበት ሰንሰለትም በዓለም ገበያ አለ። አቧራን በደንብ ይችላል። ነገር ግን በተራ ሞረድ አይሞረድም፤ የአልማዝ ዲስክ ይፈልጋል። ዲስኩ በሌለበት ወረዳ ይህንን መግዛት አንድ ጊዜ ሲደንዝ የሚጣል ውድ ዕቃ መግዛት ነው።

ሐ. የጥራት ምልክት። ስቲል፣ ሁስክቫርና እና ኦሬገንን የመሳሰሉት ሠሪዎች ስማቸውን ወይም ምልክታቸውን በሰንሰለቱ ብረት ላይ ይቀርጻሉ። ስም በካርቶኑ ላይ ብቻ ካለና ብረቱ ባዶ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። ሰንሰለቱ በእጅ ሲያዝ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሳይገትርም ሳይላላም መታጠፍ አለበት። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። አንድ ሰንሰለት ለሙከራ ገዝቶ በአዲስ ሞረድ ቀስ ብሎ መንካት ጠቃሚ ነው፤ ሞረዱ እንደ ተራ ሽቦ ገብቶ ብረቱን በቀላሉ የሚያነሣ ከሆነ ብረቱ በሚገባ አልጠነከረም ማለት ነው።

መ. የዋጋ ስሌት። ለምሳሌ ያህል ርካሹ ሰንሰለት የውዱን ግማሽ ዋጋ ያወጣል እንበል። ርካሹ 8 የሥራ ቀን፣ ውዱ በሚገባ እየተሞረደ 24 የሥራ ቀን ቢያገለግል፣ በውዱ የአንድ ቀን ሥራ ወጪ ከርካሹ በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ይሆናል። ነገር ግን ሞረድ ከሌለና ሁለቱም በ8 ቀን ከተጣሉ፣ ውዱን የገዛው ማኅበር በእጥፍ ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ሞረድ የሚይዝ ሰው ሳያዘጋጁ ጥሩ ሰንሰለት መግዛት ጥቅም የለውም።

4. ሞረድ

ሰንሰለቱ መደነዙ የሚታወቀው በቀላሉ ነው። ስለት ያለው ሰንሰለት ፍቅፋቂ ያወጣል፤ የደነዘው ዱቄት ያወጣል። ሠራተኛው መጋዙን በጉልበቱ መጫን ከጀመረ፣ መጋዙ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ወይም ዘይት እያለው ከጨሰ፣ ሥራው መቆም አለበት። በደነዘ ሰንሰለት መቀጠል ሞተሩን ያቃጥላል፤ ነዳጅ ይጨርሳል፤ ባሩን ይበላል።

ከሁሉ የሚሻለው ሳይደንዝ መሞረድ ነው። ነዳጅ በተሞላ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ በሞረድ መንካት ከበቂ በላይ ነው። የሞረዱ ክብ ልክ ከሰንሰለቱ ጋር መስማማት አለበት። ይኸውም፦

ቁመቱ ዝቅ ላለው 3/8 ኢንች፣ 4.0 ሚሊ ሜትር፤
ለ0.325 ኢንች፣ 4.8 ሚሊ ሜትር፤
ለትልቁ 3/8 ኢንች፣ እንደ ሠሪው 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር፤
ለ0.404 ኢንች፣ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ሲሞረድ ሞተሩ ጠፍቶ ባሩ በሞርሳ ወይም በጉቶ ላይ በተሰነጠቀ ስፍራ መያዝ አለበት። ሞረዱ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ሲመለስ ከብረቱ ይነሣል። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛ ያህሉ ከጥርሱ በላይ መታየት አለበት። ማዕዘኑ አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ነው፤ ለጠንካራ ደረቅ እንጨት 25 ዲግሪ ይሻላል። በአንድ ወገን ያሉት ጥርሶች በሙሉ ካለቁ በኋላ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ለሁሉም እኩል ቁጥር መግፋት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ መጋዙ ጠማማ ይቆርጣል። አጭሩ ጥርስ ለሌሎቹ መለኪያ ነው። ጠርዙ ላይ የሚያበራ ነጭ መስመር ከታየ ስለቱ ገና አልወጣም ማለት ነው።

ጥርሱ ሲሞረድ ወደ ኋላ እየሸሸ ዝቅ ስለሚል፣ በየአራት አምስቱ ሞረድ ጥልቀት ጠባቂውን በመለኪያ አይቶ በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ማድረግ ይገባል። በዓይን ግምት ብቻ ዝቅ ማድረግ ክልክል ነው። «ይበልጥ እንዲነክስ» ተብሎ ከልክ በታች የወረደ ጥልቀት ጠባቂ መጋዙን ከእንጨቱ ጋር እንዲጣላና ወደ ሠራተኛው እንዲወረወር ያደርጋል። የቆራጩ ጥርስ የላይኛው ገጽ ርዝመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ሰንሰለቱ ጡረታ መውጣት አለበት።

አንዳንድ ማኅበራት ሰንሰለታቸውን ወደ ብየዳ ቤት ወስደው በሞላ ያስስላሉ። በተገቢው መሣሪያና በሠለጠነ እጅ ከተሠራ ክፉ አይደለም። በብረት መቁረጫ ሞላ በችኮላ ሲሠራ ግን ጥርሱ ይግላል፤ ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ብረት ስለት አይይዝም። በዚያ ላይ ሞረድ በሳምንት የማያነሣውን ብረት ሞላው በአንድ ጊዜ ያነሣዋል። አንድ ሞረድ ከአንድ ሰንሰለት እጅግ በጣም ያነሰ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ሰንሰለት እየገዙ ሞረድ መቆጠብ ትርፉ ኪሣራ ነው።

5. ዘይት፣ ውጥረትና ባር

ለሰንሰለት የተለየ ዘይት ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ 30 ወይም 40 ቁጥር ንጹሕ የሞተር ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ለቆላው ሙቀት ወፈር ያለው ይመረጣል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጠቀም በየቦታው የተለመደ ቢሆንም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በውስጡ የብረት ብናኝ ስላለ ባሩንና ፓምፑን ይበላል፤ ለሠራተኛው ቆዳና ለአፈሩም ጎጂ ነው። የኑግ ዘይት የሚሞክሩም አሉ። የኑግ ዘይት ግን ሥራ ሲቆም እንደ ሙጫ እየደረቀ የሰንሰለቱን መገጣጠሚያ ያጣብቃል፤ ለምግብ ቢውል ይሻላል። አንድ ሙሌት ነዳጅ ሲያልቅ የሰንሰለት ዘይቱም ወደ ማለቁ መድረስ አለበት። ዘይቱ ካልቀነሰ መተላለፊያው ተደፍኗል።

አዲስ ሰንሰለት ከመታሰሩ በፊት አንድ ሌሊት ዘይት ውስጥ ቢነከር፣ ከታሰረም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ያለ ሥራ በመካከለኛ ፍጥነት ቢዞር ዕድሜው ይረዝማል። ውጥረቱ ልክ ነው የሚባለው ሰንሰለቱ ከባሩ ሥር ሳይንጠለጠል ተጠግቶ፣ ነገር ግን በጓንት በእጅ ሲጎተት በቀላሉ ሲሄድ ነው። በሥራ ላይ ሲግል ስለሚረዝም እንደገና ይጠበቃል። ሥራ ሲያልቅ ግን መላላት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ አጥሮ ባሩንና ማዞሪያውን ያስጨንቃል።

ባሩ በየጊዜው ተገልብጦ መታሰር፣ ቦዩ መጠረግ፣ በጠርዙ ላይ የወጣው ሸካራ ብረት በጠፍጣፋ ሞረድ መነሣት አለበት። ጥርሳሙ ማዞሪያ ከሁለት ሰንሰለት በኋላ ይለወጣል። ባለቀ ማዞሪያ ላይ አዲስ ሰንሰለት ማሰር አዲሱን ሰንሰለት ያለጊዜው ይገድለዋል። ስለዚህ ሁለት ሰንሰለት ገዝቶ እያፈራረቁ በአንድ ማዞሪያ መጠቀምና ሁሉንም አብሮ መለወጥ ከሁሉ የሚሻል አሠራር ነው።

6. ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም

ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገራችን የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ትልቁ ጥቅሙ ከጉቶው እንደገና ማደጉ ነው። ገበሬው አንድ ጊዜ ተክሎ ደጋግሞ ይቆርጣል። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ካሉ ዓይኖች ነው። የደነዘ ሰንሰለት ቅርፊቱን ከእንጨቱ ይገነጥለዋል፤ በተገነጠለ ቅርፊት ዓይኖቹ ይደርቃሉ። ስለታም ሰንሰለት ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዲወርድ በመጠኑ ዘንበል አድርጎ፣ ለስላሳ አድርጎ ቢቆርጥ ጉቶው በሚገባ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ የአንድ ሞረድ ዋጋ የቆጠበ ማኅበር የሚቀጥሉትን ዓመታት ምርት ሊያጣ ይችላል።

በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለውን ግራርም እናስብ። በክረምት ቅጠሉን የሚያራግፍ በመሆኑ ሰብል ከሥሩ ይበቅላል፤ ማሳውንም ያለማል። ገበሬው ቅርንጫፉን ሲመለምል ስለት በሌለው መጋዝ የተዘነጠለ ቁስል ለነቀዝና ለመበስበስ በር ይከፍታል። ከክንድ የቀጠነውን ቅርንጫፍ በቀስት መጋዝ ወይም በእጅ መጋዝ መቁረጥ ለዛፉም ለሞተሩ ሰንሰለትም የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሰንሰለት የሚበረክተው የተረፈውን የስምጥ ሸለቆ ግራር ለከሰል ለመጨረስ አይደለም። የዛፍ ቆረጣ በደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የሚመራ ሥራ ነው። የልማት ሠራተኛው መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ዛፉ የማን እንደሆነና መቆረጡ የተፈቀደ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። በባሩ አፍንጫ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ወደ ፊት ወይም ወደ አንገት ይወረወራል። የደነዘ ሰንሰለት፣ ከልክ በታች የወረደ ጥልቀት ጠባቂና የላላ ውጥረት ይህንን አደጋ ያባብሳሉ። ሪቬቱ ያለቀ ሰንሰለት ደግሞ በጥሶ ሊመታ ይችላል። አንድ ያለቀ ሰንሰለት «ለዚህ ሳምንት ብቻ» ተብሎ ሲሠራበት፣ ለአደጋ የሚጋለጠው የግዢ ኮሚቴው ሳይሆን መጋዙን የያዘው ወጣት ነው።

7. ለማኅበራት የቀረበ ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ማኅበራት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ እላለሁ።

አንደኛ፣ ማኅበሩ ያሉት መጋዞች ሁሉ በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት እርምጃና ውፍረት ያለው ሰንሰለት የሚያስሩ ይሁኑ። ያን ጊዜ አንድ የሞረድ ልክ ለሁሉም ይበቃል፤ የአንዱ ሰንሰለት ለሌላው ይሆናል፤ ግዢውም በጅምላ ይፈጸማል። በአንድ ወረዳ ያሉ ማኅበራት ወይም ዩኒየኑ ተስማምተው ቢገዙ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማሉ።

ሁለተኛ፣ ሞረድ የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ አበልም ይቆረጥለት። የሁሉም ሥራ የሆነ ሞረድ የማንም ሥራ አይሆንም። ይህን ሰው በአቅራቢያ በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ወይም ልምድ ባለው ባለሙያ ዘንድ ለጥቂት ቀን ማለማመድ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሰንሰለት ሲገዛ ከእያንዳንዱ ጋር ክብ ሞረድ፣ ለጠቅላላውም ጠፍጣፋ ሞረድ፣ የጥልቀት መለኪያና የሞረድ መምሪያ አብሮ ይገዛ። እነዚህ የሌሉበት የግዢ ጥያቄ ባይጸድቅ ይሻላል።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰንሰለት ቁጥር ተሰጥቶት በደብተር ይመዝገብ። የታሰረበት ቀን፣ የሠራበት የነዳጅ ሙሌት ብዛት፣ የተሞረደበት ጊዜና የተጣለበት ምክንያት ይጻፍ። ከአንድ በጋ በኋላ ኮሚቴው የትኛው ሰንሰለት እንደሚበረክት ከነጋዴ ሳይሆን ከራሱ ደብተር ያውቃል።

አምስተኛ፣ ወደ ማለቁ የደረሰ፣ ሪቬቱ ግን ጤነኛ የሆነ ሰንሰለት አይጣል። ለአቧራማ ሥራ፣ ለምሳሌ ምስጥ ለወጣበት ግንድ ይቀመጥ። ጥሩው ሰንሰለት ለንጹሕ እንጨት ይቆይ።

የልማት ሠራተኞች ይህንን ለማኅበራት ስታስረዱ በቃል ብቻ አትወሰኑ። አንድ የደነዘ ሰንሰለትና አንድ የተሞረደ ሰንሰለት ይዛችሁ በአንድ ዓይነት ግንድ ላይ አስቆርጡ፤ የሚወጣውን ዱቄትና ፍቅፋቂ ጎን ለጎን አሳዩ፤ የፈጀውንም ጊዜ በሰዓት ቁጠሩ። ገበሬው በዓይኑ ያየውን አይረሳም።

በአጠቃላይ፣ ርካሽ ሰንሰለት የሚባል ነገር በሱቅ ውስጥ የለም። ርካሽ የሚያደርገው ልኩ ተጠብቆ መገዛቱ፣ አሸዋ ሳይነካው መሥራቱ፣ ንጹሕ ዘይት ማግኘቱና ነዳጅ በተሞላ ቁጥር መሞረዱ ነው። የግዢ ኮሚቴዎች ለሚቀጥለው በጋ ሰንሰለት ከማዘዛቸው በፊት «ሞረዱን የሚይዘው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለ ትእዛዙ ይቆይ፤ በቅድሚያ ሰውየው ይገኝ።